የመሰረዝ ሥልጣን

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ ላይ የባንክ አጀንዳ ይታደላል። የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የቆሙበት ሰፈር ነውና ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ የሠራተኛው የአክስት ልጅም ከአንዱ ቢያጣ ከሌላው አያጣም። አጀንዳው በመጀመሪያው ሳምንት ክብር አለው። ፊተኛው ገጽ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ዕቅድ ይሰፍራል፦ ቤት፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ትዳር፣ ለእናት የጉልበት ሕክምና። ከጥቅምት ወዲያ ያለው ወረቀት የአስቤዛ ሒሳብና የልጅ ሥዕል ይሆናል።

በዚህ መሳለቅ ቀላል ነው፤ ስንፍና ብሎ ማለፍም ይቻላል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከስንፍናው በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ሰው «በሕይወቴ ላደርጋቸው የምፈልጋቸው ነገሮች» ብሎ ሲዘረዝር ምን ማድረጉ ነው? መመኘት ነው እንዳንል፣ ለምኞት ወረቀት አያስፈልግም፤ ሳይጻፍም ይመኛል። ሥራ ማቀድ ነው እንዳንል፣ የሥራ ዕቅድ ቀን፣ በጀትና ተጠሪ አለው፤ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ አንዱም የለውም። ለራሱ ቃል መግባቱ ነው የሚለው መልስ ይቀራል። ለእውነት የሚቀርበውም እርሱ ይመስለኛል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» ስለ ንጉሥና ስለ ሕግ ሲከራከር አንድ ነገር አስተውሏል። ያሰረ መፍታት ይችላልና፣ በራሱ ብቻ የታሰረ ሰው አልታሰረም ይላል ክርክሩ። ወደ አጀንዳው ስናመጣው፣ አበዳሪውና ተበዳሪው አንድ ሰው የሆነበት ብድር ነው። ጥር ላይ ተበዳሪው ሲደክም አበዳሪው «ተወው፣ ለከርሞ ይደረሳል» ይለዋል። የተካደ የለም፤ ዕዳው በሰላም ተሰረዘ። እንግዲህ አጀንዳው ባዶ የሚቀረው ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከመነሻውም ጠያቂ የሌለው ቃል ነበር።

ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው የሚያስኬድ ከሆነ ለራስ የሚጻፍ ዝርዝር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው። ይሁንና እንዲህ ያለ ዝርዝር ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ የተከተለ ሰው ስላለ፣ ከመፍረድ በፊት የእርሱን ጉዳይ ማየት ይገባል።

ጆን ጎዳርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940 በሎስ አንጀለስ፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ በሕይወቴ አደርጋቸዋለሁ ያላቸውን 127 ነገሮች ዘርዝሮ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ፈጽሟል። ስለ ስኬት የሚናገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ በምሳሌነት ያነሡታል። ለእኛ የሚገርመው ዝርዝሩ ስንት ቦታ እንደሚነካን ነው። ከ127ቱ የመጀመሪያው ናይልን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሰስ ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ ደግሞ በእርሱ አነጋገር ባሕላቸው «ኋላ ቀር» የሆኑ ሕዝቦችን ሊያጠና ካሰባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች። በዚያ ዓመት አርበኞቻችን ከፋሺስት ጣሊያን ጋር በየዱሩ ይዋደቁ ነበር፤ አንድ የሎስ አንጀለስ ጎረምሳ ደግሞ አገራቸውን ከተራራና ከፓራሹት ዝላይ ጋር በተራ ቁጥር አሰፈራት። አልቀየመውም። ልጅ ነው፣ ቃሉም የዘመኑ ቃል ነው። ግን የአንድ ሰው ዝርዝር ሌላውን ሳያስፈቅድ ቁጥር እንደሚሰጠው ልብ ይሏል።

ናይሉንም ተወጣው። እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 ከሁለት ፈረንሳውያን ጋር ሆኖ ከካጌራ ወንዝ መነሻ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በታንኳ ወረደ። ታላቅ ጀብዱ ነው፤ ተራ ቁጥር አንድም ምልክት ተደረገበት። ነገር ግን የሄደበት መንገድ የነጭ ዓባይ ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው፣ ይልቁንም ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን እያየ ያደገ ሰው፣ «ናይልን ጨረስኩ» የሚለውን ቃል እንዴት ይሰማዋል? በእኛ በኩል የሚወርደውን ዓባይ እስከ ባሕር የተከተሉት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከጎዳርድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይተው። ጎዳርድ አልዋሸም። ረጅሙ መስመር የነጭ ዓባይ ነውና በልኬት ቢሞግቱት ይረታል። እኔ የምለው፣ ሰው በራሱ ዝርዝር ላይ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ነው፤ «ተፈጸመ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚበይነውም ራሱ ነው። ሆብስ ያየው ዕዳን የመማር ሥልጣን ነበር። እዚህ ደግሞ ከዚያ የሚብሰው አለ፦ ማንም ደረሰኙን ሳይመረምር «ተከፍሏል» ብሎ የመፈረም ሥልጣን።

በዚያው ዝርዝር ላይ የመርዛም እባብ መርዝ ማለብ አለ። ማግባትና ልጅ መውለድም አለ። ሁለቱም ቁጥር አላቸው፣ ሁለቱም ምልክት ይጠብቃሉ። እባቡ ሲታለብ ነገሩ አለቀ። ትዳር ላይ ምልክቱ የሚደረገው መቼ ነው? በሠርጉ ማግሥት? በ20ኛው ዓመት? ከሁለቱ አንዱ ሲቀበር? አርስቶትል ለዚህ የሚጠቅም ልዩነት ትቶልናል። ቤት መሥራት ቤቱ ሲቆም ያበቃል፤ እየተሠራ ሳለ ገና አልተፈጸመም። ማየት፣ ማሰብ፣ በደኅና መኖር ግን በሚደረጉበት ቅጽበት ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ መድረሻቸው ከውጭ አይጠበቅም። ዝርዝር በባሕርዩ ለመጀመሪያው ዓይነት ያደላል፤ ምልክት የሚይዘው እርሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ «ለእናት የጉልበት ሕክምና» ይጻፋል፣ «እሑድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቡና መጠጣት» አይጻፍም። ሕክምናው አንድ ቀን ነው፤ እሑዱ ግን በየሳምንቱ ነው፤ እናቲቱ ብትጠየቅ የትኛውን እንደምታስቀድም መገመት አያዳግትም።

እናቲቱ ብትጠየቅ አልኩ። ጎዳርድ ላይ የጎደለውም፣ አጀንዳው ላይ የጎደለውም ይኸው ይመስለኛል።

በእኛ ዘንድ ሰው ለብቻው ለራሱ የሚገባው ቃል ብዙም ቦታ የለውም። ቦታ ያለው ምስክር ያለበት ቃል ነው። ክፍለ ከተማችን ስሟን የያዘላት የልደታ ማርያም ደጅ በግንቦት 1 በሰው ይጨናነቃል። ከዚያ ሕዝብ ብዙው፣ አጀንዳ ላይ ቢጻፍ ዕቅድ የሚባል ነገር ይዞ የመጣ ነው፦ ልጅ፣ ሥራ፣ ጤና፣ የታሰረ ወንድም መፈታት፣ ቪዛ። የጻፈው ግን የለም፤ ተሳለ። ስለት ቃሉ የሚሰጠው ለሌላ ነው፤ ዕዳውን የመማር ሥልጣን በተሳዩ እጅ የለም። ዋጋውም ቀድሞ ይነገራል፦ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ወይፈን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጧፍ። አጀንዳው ላይ «ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው ለቤቱ ምን እንደሚከፍል፣ ማለትም ስንት እሑድ፣ ስንት ወዳጅ፣ ስንት እንቅልፍ እንደሚሰጥ አልጻፈም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወርደው ስለተኛ ቢያንስ የሚያስገባውን ያውቃል። በሙስሊሙም ዘንድ ነዝር ያው ቅርጽ አለው፤ የተገባ ነዝር የሚፈጸም ዕዳ ነው። ስለት ይሠምራል አይሠምርም የሚለው የእምነት ጉዳይ ነውና እዚህ አልገባበትም፤ የማየው ቅርጹን ነው።

ከእምነት ውጭም ቅርጹ ይገኛል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይጨብጥም። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ፣ ዕጣ ያልደረሰው አባል ሁሉ የዚያ ሰው ነገ ጉዳያቸው ነው። «ለሱቅ ነው» ብሎ አስቀድሙልኝ ያለ ሰው በብሩ ድግስ ቢደግስበት ፍርድ ቤት አይወስዱትም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ወሬው እርሱ ነው። ከሁሉ የምደነቅበት ደግሞ ኑዛዜ ነው። በአገራችን የሕይወት ዝርዝር የሚባል ጥንታዊ ጽሑፍ ካለ ኑዛዜ ነው እላለሁ፤ የሚነገረው በመጨረሻ፣ በምስክሮችና በነፍስ አባት ፊት ነው። ውስጡ ያየሁት አገርና የወጣሁት ተራራ የለበትም። ለማን ምን እንደሚተው፣ የማን ገንዘብ እጁ ላይ እንዳለ፣ ማን ይቅር እንዲለው ይናገራል። በየመስመሩ የሰው ስም አለ። አጀንዳው ላይ ከእናት በቀር ስም የለም።

ስለዚህ ወደ አንድ ሐሳብ እደርሳለሁ። ለዝርዝሩ ጉልበት የሚሰጠው መጻፉ ወይም ግድግዳ ላይ መለጠፉ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ይህን ባላደርግ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱ ነው። መልስ የሌለው መስመር የተውሶ ምኞት ነው። ጎረቤት ስላደረገው፣ ስልክ ላይ ስለታየ፣ ሲጻፍ ስለሚያምር የገባ ነው።

እዚህ ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይነሣብኛል፤ መነሣትም አለበት። እኛ ጠያቂ አጥተን እናውቃለን? አባት፣ እናት፣ አጎት፣ የነፍስ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ሁሉም ጠያቂ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው፣ ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ «ዶክተር» እንዲል እንደተለማመደ ያስታውሳል። ጠያቂው ሲበዛ ዝርዝሩ የልጁ መሆኑ ይቀራል። በ40 ዓመታቸው የሌላ ሰው ምኞት ፈጽመው ባዶ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ በአደባባይ ግን የተሳካላቸው ይባላሉ። እንግዲህ የባዶ አጀንዳን በሽታ ሸሽተን የሞላ ግን የሌላ ሰው በሆነ አጀንዳ ልንወድቅ ነው?

በዚህ ጉዳይ የሚረዳኝ ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ ነው። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ የእርሱ የራሱ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የደረሰው የሚለው የሊቃውንት ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም፤ ለእኔ ጥያቄ ግን ሐሳቡ ይበቃኛል። መጽሐፉ እንደሚተርከው ባለታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ክርክሩ ተከሶ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ የኖረ ነው። ዋሻው ውስጥ የሠራው ነገር መጠየቅ ነው። ሰዎች እውነት ነው ያሉኝ ሁሉ እውነት ነውን? ይህን ጥያቄ ወደ ምኞት ብናዞረው፣ ሰዎች የሚመኙልኝ ሁሉ የሚመኙት ነውን? ይሆናል። የሚደንቀው ግን ዘርአ ያዕቆብ ዋሻው ውስጥ አልቀረም። ከዚያ ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፣ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀመጠ፣ ልጆች አስተማረ። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ እንደ ገረድ ሊቀበላት አልፈለገም፤ በትዳር ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ተከራከረ። ጎዳርድ ትዳርን ከእባቡ ጋር ቆጠረው፤ እንፍራዛዊው ጸሐፊ ግን ሌላዋን ሰው አብራ የምትወስን አድርጎ ቆጠራት። ብቻውን መረመረ፣ ከሰው ጋር ኖረ።

ከዚህ ሁለት ሥልጣን ለይቼ እወስዳለሁ። የመጠየቅ ሥልጣን የሌሎች ነው፤ የመሰረዝ ሥልጣን የእኔ ነው። አባቴ «ሕክምና መማሩ የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ እኔም መልስ አለብኝ። «አቆምኩ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ግን መልስ ነው። የሚከለከለው ሳይመልሱ መሰረዝ ነው፤ ማለትም ጥር ላይ ማንም ሳያይ አጀንዳውን መሳቢያ ውስጥ መክተት። ሆብስ ያየው ቀዳዳ በዚህ ይደፈናል፤ ፈቺው እኔ ብሆንም ፍቺው በሰው ፊት ነውና። አምባገነኑ አባትም በዚህ ይገታል፤ ጠያቂ እንጂ ሰራዥም ጸሐፊም አይደለምና። በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ንጹሕ እንደማይሆን አውቃለሁ። የአባት ጥያቄ ከፍርድ የሚብስበት ቤት አለ።

አንድ ዓይነት ጠያቂ ደግሞ ከሁሉ ይለያል፤ ሰንጋ ተራ ሆኖ እርሱን አለማንሣት አይቻልም። በ2005 ዓ.ም. መንግሥት የ20/80 እና የ40/60 የቤት ፕሮግራም ምዝገባ ሲያካሂድ የአዲስ አበባ ሰው ዝርዝር በአንድ ክረምት ተመሳሳይ ሆነ። አንደኛው ተራ ላይ ቤት ገባ፤ ጠያቂውም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደብተር ነው። የ40/60 ተመዝጋቢ የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ በየወሩ ይቆጥባል፣ 60 በመቶውን ባንኩ ያበድረዋል፤ ስሌቱ ይህ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የ40/60 ቤቶች በሰንጋ ተራና በክራውን ሳይቶች ተጠናቀው በ2009 ዓ.ም. ሲተላለፉ ግን ቅድሚያ ያገኙት 100 በመቶ የከፈሉት ናቸው። ስሌቱን አምኖ 40 በመቶውን በወጉ ያጠራቀመው ሰው በዚያ ዙር ከሰልፉ ጀርባ ራሱን አገኘ። እነዚያ ሕንፃዎች ዛሬ ቆመዋል፤ ምድር ቤታቸው ካፌና ፋርማሲ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ከሰፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ጠያቂ በየወሩ ይጠይቃል፣ መልስ ሲሰጠው ግን ቃሉን የሚቀይረው እርሱ ነው። የስቶይክ ፈላስፎች መምህር ኤፒክቴተስ፣ እርሱም ባሪያ የነበረ ሰው፣ በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ ይላል። በዚህ መሠረት ተመዝጋቢው ከዝርዝሩ ላይ «ቤት»ን ፍቆ «በየወሩ መቆጠብ» ብሎ ቢጽፍ ሰላም ያገኛል፤ ቁጠባው በእጁ ነው፣ ዕጣው አይደለም። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሦስት ልጅ ይዛ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የምትኖር እናት የምትፈልገው የቁጠባን በጎነት አይደለም፤ ቤት ነው። ዓላማዋን ወደ አቅሟ እንድታወርድ መምከር፣ ያልደረሳት ነገር ጥፋቱ የምኞቷ እንደሆነ መንገር ይሆናል። አንዳንድ መስመር ከሰውየው ጎን ብቻ ተጽፎ አይበቃም፤ ትይዩ ባለ ሌላ መዝገብ ላይ፣ በከተማው አስተዳደር ወይም በባንኩ ዕቅድ ላይ፣ ያው ቃል መኖር አለበት። እዚያ ሲለወጥ ደግሞ «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን የዜጋው ነው። የግል ዕቅድ አስተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ሁልጊዜ ይዘሉታል።

ሌላም አለ። እነዚህ ሕንፃዎች ከመቆማቸው በፊት በሰንጋ ተራ የጭቃ ቤቶች ውስጥ የኖሩ፣ ለመልሶ ማልማት ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ሰዎችም ዝርዝር ነበራቸው። «ልጄን በዚህ ግቢ ድንኳን ጥዬ ልዳራት» የሚለው ምኞት ሰው፣ ግቢ፣ ዕድርና የጎረቤት ድስት የያዘ ምኞት ነው። ቤት በምትኩ ቢሰጥም ምኞቱ አብሮ አይጫንም። ሰውየው አልሰነፈም፣ አልሰረዘም፤ መስመሩ የቆመበት መሬት ተነሣ።

ያልሰረዝነው ነገር ሲሰረዝ ምን እናደርጋለን? አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም፣ በ1964 ቶኪዮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማራቶንን አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሦስተኛውን ሲጠብቁለት ተጎድቶ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ አመጣው። የአበበ ዝርዝር ቢኖር ያ መስመር ምልክት ይደረግበታል ወይስ አይደረግበትም? ለራሱ ብቻ የተጻፈ ከሆነ አልተፈጸመም። ጠያቂው አገር ከሆነ ግን ተፈጽሟል፤ የፈጸመው ሌላ ሰው መሆኑ ምን ይለውጣል? እኔ ወደ ሁለተኛው አጋድላለሁ። ከዚያ ግን በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ እግሮቹም አልታዘዝ አሉ። ይህን ወኪል አይሠራውም። አበበ በ1970 እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሄዶ በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በማግሥቱ ዓመት ኖርዌይ ላይ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በጃቶ መንደር ያደገ የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ይህን በየትኛው ዝርዝር ላይ ሊጽፈው ይችል ነበር? በ15 ዓመቱ 127 ነገር የጻፈ ሰው ከ15 ዓመት ልጅ በላይ አያስብም። ዝርዝርን አክብሮ መያዝ ማለት ያኔ የማላውቀውን ነገር አሁን ቦታ መከልከል ከሆነ፣ መስመሩን መሙላት ራሱ ክሕደት ነው፤ ለተለወጠው ሰው ክሕደት።

ይህ ደግሞ ሆብስን ዳግም እንድጠይቅ ያደርገኛል። ለራስ የሚገባ ቃል አያስርም ያለው ገቢውና ተቀባዩ አንድ ስለሆኑ ነው። አንድ ናቸው? ዛሬ የምጽፈው ሰው እኔ ነኝ። የሚቀበለው የ70 ዓመቱ ሽማግሌ ነው፤ እርሱ ዛሬ እዚህ የለም፤ ስለሌለም ዕዳዬን ሊምርልኝ አይችልም። ጥር ላይ «ተወው» የሚለኝ ድምፅ የተበዳሪው የራሱ ድምፅ እንጂ የአበዳሪው አይደለም። ስለዚህ ለራስ የሚገባ ቃልም ያስራል፤ ሆብስ በዚህ ያህል ይሸነፋል። ነገር ግን ያው ሽማግሌ እዚህ ስለሌለ ምን እንደሚፈልግም አልነገረኝም። ተራራ ይውጣ ወይስ ደጃፉ ተቀምጦ የልጅ ልጅ ይጠብቅ አላውቅም። ላዘጋጅለት የምችለው በየትኛውም ቢሄድ የሚያስፈልገውን ነው፦ ጉልበቱን፣ ጥቂት ወዳጆቹን፣ ዕዳ የሌለበት ስም፣ ማንበብ ያልረሳ ዓይን። የቀረውን እኔ ልጻፍለት ብል፣ ልጁን በስድስት ዓመቱ «ዶክተር» እንዲል ካስለመደው አባት አልሻልም።

በዚህ ሁሉ ሚዛን የራሴን ገጽ ስመረምር አብዛኛው መስመር ተሰረዘ፤ ለሚመለከታቸውም ሰዎች ተናገርኩ። አንዱ አስቸገረኝ፦ ግእዝ መማር። ዘርአ ያዕቆብን በትርጉም ሳይሆን በተጻፈበት ቋንቋ ለማንበብ ነበር የጻፍኩት። ባልማር ማንም አይጠይቀኝም፤ አባቴ አልጠየቀኝም፣ ባለቤቴ ሳቀች፣ መሥሪያ ቤቴ ደመወዝ አይጨምርበትም። በራሴ ክርክር መሠረት የተውሶ ምኞት ነውና መሰረዝ ነበረበት። አልሰረዝኩትም። ጠያቂ የሌለው መስመር ሁሉ ይጣል ብዬ ስደነግግ፣ ጠያቂ ፈልጎ የማግኘት ነፃነትም የእኔ መሆኑን ረስቼ ነበርና ድንጋጌውን በዚህ አሻሽለዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አሉ። ክፍያቸው በወር ነው፤ ብቀር ደግሞ ለምን እንደቀረሁ ይጠይቁኛል።